«በ3 ወር ፉልስታክ» የሚሏችሁን ተጠንቀቁ

የእነዚህን የድረ ገጽ ስራ ማሰልጠኛዎች ስም አልጽፍም። ብጽፈውም አይጠቅማችሁም፤ ነገ ባነሩን አውርደው በሌላ ስም ይከፍታሉ። ዓይነታቸውን ግን ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ «በ3 ወር ፉልስታክ ዲቨሎፐር ይሁኑ»፣ «ለ20 ሰው ብቻ»፣ «እስከ ዓርብ ለሚመዘገቡ 50 ፐርሰንት ቅናሽ» የሚሉት ናቸው። ፉልስታክ ማለት የድረ ገጹን የሚታየውንም ከጀርባ ያለውንም የሚሰራ ማለት ነው። ያ ዓርብ አያልፍም፤ በየሳምንቱ ይታደሳል። ታች ካፌ፣ ላይ ማሰልጠኛ። ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ በስልክ «እህቴ፣ የቀረን ሁለት ቦታ ነው» ትላለች። ስትገቡ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። «ዘመናዊ ላብ» ያሉት ውስጥ ከኮምፒውተሮቹ ገሚሱ አይነሳም፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል።

የከፈልኩት 12,000 ብር ነው። በቴሌብር፣ በግለሰብ ስም ወደተመዘገበ ቁጥር። ደረሰኝ ስጠይቅ «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ነገ ትወስጃለሽ» ተባልኩ። ነገው እስካሁን አልመጣም።

ሞጁል ተብሎ ለብቻው 800 ብር የተሸጠልን ጥራዝ ኮዲንግ የሚያስተምረው የደብሊውስሪስኩልስ ድረ ገጽ ፕሪንት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማንም ሰው በነጻ ከፍቶ የሚያነበው ገጽ። እነሱ ፕሪንት አድርገው ጠረዙት፣ ሽፋኑ ላይ የራሳቸውን ሎጎ ለጠፉ፣ በቃ። «ትራይ ኢት ዩርሰልፍ» (ራሳችሁ ሞክሩት) የሚለው አረንጓዴ ቁልፍ እንኳን አልተነሳም፤ በጥቁርና ነጭ ታትሟል። ወረቀት ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫኑ እንግዲህ።

የገጹ ይዘት የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል ራሱ እኮ ከባድ አይደለም። ርዕስ፣ አንቀጽ፣ ሊንክ፣ ምስል፣ ዝርዝር፣ ፎርም። የሚያስተምር ሰው ከተገኘ ቶሎ ይገባል። ልብ የሚያደርቀው ሲኤስኤስ ነው፤ የገጹን መልክና አቀማመጥ የሚወስነው ኮድ። ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ስልክ ላይ ሲከፈት አንዱ ከሌላው በታች እንዲሆን ማድረግ ለጀማሪ ቀላል አይደለም። ይህን ሰው የሚለምደው ራሱ ጽፎ፣ ተበላሽቶበት፣ ብሮውዘሩ ላይ የገጹን ኮድ የሚያሳየውን ኤፍ 12 ተጭኖ ጥፋቱ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ሲያድን ነው። እኛ ክፍል ኤፍ 12 የሚባል ነገር ተነስቶ አያውቅም። ያሳየኝ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ነው፤ እሱም የተማረው ከዩቲዩብ ነው። አሰልጣኛችን ፕሮጀክተሩ ላይ ከአንድ ፋይል ኮፒ ያደርጋል፣ ሌላው ላይ ፔስት ያደርጋል፣ «ገባችሁ?» ይላል። ያልገባው ሰው ዝም ይላል።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ትናንት የሆነው ግን አንጀቴን አሳረረው።

የፋይናል ፕሮጀክት ቀን ነበር። ፍላሽ ዞረ። ፎልደሩ ውስጥ ያለቀለት የሬስቶራንት ድረ ገጽ አለ። ሜኑ፣ ፎቶ፣ ጠረጴዛ ማስያዣ ፎርም፣ ምኑ ቅጡ። አሰልጣኙ ይህን ገጽ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ «ለደንበኛ የሰራሁት ነው» እያለ ሲያሳየን ከርሟል። እኔም አንድ ቀን እንዲህ እሰራለሁ እያልኩ ሳየው የኖርኩት ገጽ ነው። ትዕዛዙ አንድ ነው፤ የሬስቶራንቱን ስም አጥፉ፣ የራሳችሁን ስም ጻፉ፣ ሴቭ አድርጉ፣ አስረክቡ።

የሲኤስኤስ ፋይሉን ከፈትኩት። አናቱ ላይ፣ ከኮዱ በፊት፣ በኮመንት የተጻፉ፣ ማለትም ብሮውዘሩ የሚዘላቸው የማስታወሻ መስመሮች አሉ። የቴምፕሌቱ (ተዘጋጅቶ ያለቀው ገጽ) ስም፣ የሰሪው ስም፣ የድረ ገጹ አድራሻ፣ የአጠቃቀም ፈቃዱ። ፈቃዱ በነጻ መጠቀም ይቻላል ይላል፤ የገጹ ግርጌ ላይ ያለው የሰሪው ስም እንዳይነሳ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ግርጌውን ሄጄ አየሁት። ተነስቷል።

እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ እዚህ ፋይል ላይ የሌላ ሰው ስም አለ» አልኩ። ለመክሰስ አልነበረም። ያብራራልኛል ብዬ ነው።

መጣ። ማውሱን ከእጄ ወሰደው። መስመሮቹን ከላይ እስከ ታች ሰለክት አደረጋቸው። ዲሊት። ከዚያ ኮንትሮል ኤስ፣ ሴቭ። ማውሱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ ቀና አለና «የታለ?» አለኝ።

ከኋላ የሳቁ ነበሩ።

ፊቴ ጋለ፣ ግን ዝም አላልኩም። «እሺ ቲቸር፣ ቢያንስ ይሄ ሜኑ ስልክ ላይ እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ያሳዩን» አልኩ። «እሱ ጃቫስክሪፕት ነው፣ ይከብድሻል» አለ፤ ገጹ ሲነካ ምላሽ እንዲሰጥ የሚያደርገው ቋንቋ ማለቱ ነው። ወደ ፕሮጀክተሩ እየተመለሰ ደግሞ ጨመረበት፦ «አንቺ ግራፊክስ ብትማሪ ነበር የሚሻልሽ፤ ለሴት የሚሆነው እሱ ነው።» ከዚያ ለክፍሉ «20 ደቂቃ አላችሁ» ብሎ ስልኩን መነካካት ጀመረ።

ማታ ቤት ገብቼ ያን «የሚከብደኝን» ነገር ፈለግኩት። አምስት ስድስት መስመር ኮድ ነው። ቁልፉ ሲነካ ሜኑው ላይ አንድ ክላስ (ሲኤስኤስ የሚለየው መለያ ስም) ይጨምራል፣ እንደገና ሲነካ ያነሳዋል። መታየትና መደበቁን የሚሰራው ያው ሲኤስኤስ ነው። ጻፍኩት፣ ሰራ። ሰውየው እንደዚያ ያመናጨቀኝ ከብዶኝ ሳይሆን ራሱ ስለማያውቀው ይመስለኛል።

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አላነሳም። ገንዘቤ ይመለስልኝ አልኩት። «ፎርሙ ላይ ፈርመሻል፣ ክፍያ አይመለስም ይላል።» ቅሬታ አለኝ አልኩት። «በጽሁፍ አስገቢ።» ለማን? «ለእኛ።» ቀጥሎ ሳላነሳበት ራሱ ጠየቀኝ፦ «ሰርተፍኬቱን ትወስጃለሽ ወይስ ይቅር? የማሳተሚያ 1,500 ብር ነው።» ሲያስመዘግቡን ሰርተፍኬቱ በዋጋው ውስጥ ነው ብለው ነበር። ይህን ስነግረው «እሱ ሶፍት ኮፒው ነው» አለኝ። ይሉኝታ የሚባል ነገር ሰውየው ላይ አልፈጠረበትም። ደጅ ላይ ሁለት ልጆች ፎርም እየሞሉ ነበር፤ ሪሴፕሽኗ አጠገባቸው ቆማለች። «ተዉ» ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ጥበቃው ግን ቀድሞ በሩን ከፈተልኝ።

ለመመዝገብ የምታስቡ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አሰልጣኙ ባዶ ፋይል ከፍቶ ፊታችሁ አንድ ገጽ ከዜሮ ይጻፍ። ሰበብ ካበዛ ውጡ። ደረሰኝ ከሌለ ብር የለም። መማሩን ብቻ ከፈለጋችሁ ፍሪኮድካምፕ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የኤችቲኤምኤልና የሲኤስኤስ ትምህርቱ ከነሰርተፍኬቱ በነጻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ስልጠናም ፕሮግራሚንግ በነጻ ያስተምራል። ኮድ የሚጻፍበት ቪኤስ ኮድ ነጻ ነው። የሰራችሁትን ገጽ ጊትሀብ ፔጅስ በሚባለው አገልግሎት ኢንተርኔት ላይ በነጻ ታወጡታላችሁ። ኢንተርኔት ብቻ ነው ወጪው፤ እሱም ቀላል አይደለም፣ ግን 12,000 ብር አይሆንም።

አገራችን የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አላት፤ የምንገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት ላይ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል። እኔ በእጄ ያለው የቴሌብር መልዕክትና የማስታወቂያው ስክሪንሾት ነው። እነሱን ይዤ ንግድ ቢሮ ልሄድ ነው፤ ብቻዬን ከምሄድ ግን ብንበዛ ይሻላል። ከእኔ ጋር የተማራችሁ፣ ወይም እዚያው ቤት ከእኔ በፊት የተቃጠላችሁ ካላችሁ ኢንቦክስ ጻፉልኝ። ያን የፈረምንበትን ፎርም ፎቶ ያነሳ ሰው ካለ በተለይ እሱን እፈልገዋለሁ፤ ለእኔ ኮፒ አልሰጡኝም።