ሊጥ ይዤ የሄድኩበት ዳቦ ቤት፣ በገና ዋዜማ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ሆናችሁ ለበዓል ዳቦ ለማስጋገር ለምታስቡ ነው ይህን የምጽፈው። ስለ ዳቦ ቤቱ ከማውራቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። እኔ ሙስሊም ነኝ። ገና በዓሌ አይደለም። ታዲያ ሦስት ኪሎ ዱቄት አቡክተሽ በገና ዋዜማ የት ትሄጃለሽ የሚል አይጠፋም። አማቴም ይህንኑ ነው የጠየቁኝ።

ምክንያቱ ምድር ላይ የሚኖሩት እማማ ናቸው። እኛ ሦስተኛ ፎቅ ነን። እዚህ ከገባን ሰባት ዓመታችን ነው። ገና በመጣ ቁጥር ከእማማ ቤት ሩብ ድፎ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ወደ እኛ ይወጣል። ለዒድ ደግሞ ከእኛ ቤት ሳምቡሳ ወደ እሳቸው ይወርዳል። ዘንድሮ ጉልበታቸውን አመማቸው። ኅዳር ላይ ደረጃው ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸውና «የዘንድሮ ገና ያለ ዳቦ መዋሉ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ማንንም ሳላማክር «እኔ እደፋልዎታለሁ» አልኩ።

ችግሩ፣ ዳቦ ደፍቼ አላውቅም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ልሞክረው አልኩ። የሞከርኩት ታኅሣሥ 12፣ እሑድ ነው። ቀኑን የመረጠችው ትልቋ ልጄ ናት። ስድስተኛ ክፍል ናት፣ ሳይንስ ስትማር የሰማችውን ሁሉ ቤት አምጥታ ትፈትነናለች። «እማ፣ ዛሬ የዓመቱ ረጅም ሌሊት ነው፣ ዳቦው እስኪነሣ በቂ ጊዜ አለሽ» አለችኝ። እውነት ነው፣ ረጅሙ ሌሊት ያን ቀን ነበር። ግን እኛ አገር ረጅም ሲባል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አዲስ አበባ ላይ አጭሩ ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ብርሃን አለው። ከዓመቱ ረጅም ቀን ጋር ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። መግሪብ የገባው 12 ሰዓት ከ10 ገደማ ላይ ነው፣ እንደ ሌላው ቀን።

የባለቤቴ እህት ስቶክሆልም ናት። ያን ቀን ስትደውል እዛ ቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ብቻ እንደሆነ፣ ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይዋ እንደምትጠልቅ ነገረችን። ጎረቤቶቿ መስኮታቸው ላይ መብራት ይደረድራሉ። እሷም ትደረድራለች። ሰላቷን የምትሰግድ ሰው ናት፣ ስለ ገና ብላ አይደለም፣ ጨለማው ስለሚከብዳት ነው። ትንሹ ልጄ ይህን ሰምቶ «እዛ ክረምት ነው፣ እዚህ ለምን በጋ ሆነ?» አለ። ክረምት የምንለው ሐምሌና ነሐሴ መሆኑን፣ ታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይና ብርድ አንድ ላይ የሚወጡበት ወር መሆኑን ላስረዳው ሞከርኩ። ከሱቅ ደጃፍ ያያቸው የፕላስቲክ ዛፎች ላይ የተለጠፈው ጥጥ ምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አልቻልኩም። «በረዶ» ሲሉት እሱ የሚያውቀው ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው።

ወደ ሊጡ ልመለስ። ቱሉ ዲምቱ ሜዳ ነው፣ ንፋሱን የሚመክት የለም። ሌሊቱ ሲበርድ ሊጥ አይነሣም። ማታ አቡክቼ በጋቢ ጠቅልዬው አደርኩ፣ ጠዋት ስከፍተው እንደተኛ ነው። እስከ እኩለ ቀን ጠበቅኩት። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ላይ ሳደርገው ደግሞ መብራት ሄደ። የወጣው ነገር ዳቦም ቂጣም አይደለም። እንዲያም ሆኖ ለእማማ ቁራሽ ይዤ ወረድኩ። አፋቸው ሊያደርሱት ሲሉ «ወተት ነክቶታል እንዴ?» አሉኝ። ነክቶታል። ለእኔ ወተት ያለበት ዳቦ ጥሩ ዳቦ ነው። እሳቸው ግን የገና ጾም ላይ ናቸው። ቁራሿን በፌስታል ቋጥረው መልሰው አስያዙኝ። «በዘይት አድርጊው። ለመጋገሩ ደግሞ ዳቦ ቤት ውሰጂው» አሉ።

ዳቦ ቤቱን ያወቅኩት እንዲህ ነው። ስሙን አልጽፍም፣ ለምን እንደሆነ በኋላ ታያላችሁ። ከአደባባዩ ገባ ብሎ ያለ፣ በአዘቦት ቀን ዳቦ የሚሸጥ ቤት ነው። በበዓል ዋዜማ ሽያጩን ቀነስ አድርጎ የሰው ሊጥ ይጋግራል። ዋጋው ለአንድ ትሪ 150 ብር ነው። ዱቄቱ፣ ኮባው፣ ትሪው የራሳችሁ።

ታኅሣሥ 28 ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ሰልፉ ውጭ ድረስ ወጥቷል። ሁሉም ነጠላ ለብሷል፣ እኔ ብቻ ሒጃብ። ፊቴ የቆሙ ሴትዮ ትሪዬን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ እንደገና ትሪውን አዩት። ከዚያ «ኮባው በደንብ አልታጠፈም፣ ይቃጠልብሻል» ብለው እዛው ሰልፉ ላይ ጠርዙን አስተካከሉልኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

አሁን ዋናው ነገር። ይህን ቤት የምወድለት ምድጃውን አይደለም። ከምድጃው ጎን ያለችውን ጥግ ነው። የመጣላቸውን ሊጥ ወዲያው አያስገቡትም። ግድግዳው ሥር ሳንቃ ዘርግተዋል፣ ሙቀቱ እስከዛ ይመጣል። ትሪዎቹን እዛ ደርድረው በላስቲክ ይሸፍኗቸዋል። እኔ ይዤው የሄድኩት ሊጥ ከትሪው ጠርዝ ሁለት ጣት ዝቅ ያለ ነበር። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ብቅ ብዬ ሳይ ጠርዙን አልፎ፣ ላስቲኩን ገፍቶት ኩፍ ብሏል። ጋጋሪው ወጣት ልጅ ነው፣ እስከ ክርኑ ዱቄት ነው። ሊጡን በጣቱ ጫፍ ይነካና ቀስ ብሎ ከተመለሰ «ደርሷል»፣ ወዲያው ከተመለሰ «ይቆይ» ይላል። የአንዷን ሦስት ጊዜ «ይቆይ» ብሎ አስለቀሳት ማለት ይቻላል። ቤቴ በጋቢና በጸሎት ያቃተኝን እሱ በአንድ ጣት ነው የሚሠራው። መብራት ሲሄድም ጀነሬተር አለው፣ ሄዶም ነበር።

ችግራቸው ሌላ ነው። የማን ትሪ የማን እንደሆነ አይጽፉም። ቁራጭ ወረቀት ላይ ቁጥር ጽፈው ኮባው ላይ ጣል ያደርጋሉ። ወረቀቱ እሳት ውስጥ ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት። ለሁለት ሰዓት ማታ የተቀጠርኩት አራት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ያኔ ጠረጴዛው ላይ ሠላሳ የሚሆን ዳቦ ተደርድሯል፣ ቁጥር ያለው አንድም የለም። ሰው ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ቸኩሏል። ልጁ እየጮኸ «መስቀል ያለበት ነው የሌለበት?» ይላል። አብዛኞቹ ሴቶች ሊጡ ላይ በቢላ መስቀል አድርገውበታል። «የሌለበት!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

መስቀል የሌለባቸው አራት ሆኑ። የኔን የለየሁት በትንሹ ልጄ ጥፋት ነው። ከቤት ሳልወጣ አውራ ጣቱን ጠርዙ ላይ ጨቁኖ ስቆጣው ነበር። ያቺ ጉድጓድ ከዳቦው ጋር ተነፍታ የሃምሳ ሳንቲም ታህላለች፣ መሃሏ ላይ ሁለት ፍሬ ጥቁር አዝሙድ ገብቶባታል። ሌላ ምልክት አልነበረኝም። ስለዚህ ምክሬ፦ ሊጡ ላይ የራሳችሁን ምልክት አድርጉ፣ በእነሱ ወረቀት አትመኑ። የዳቦው አንድ ጎን ከሥሩ አርሯል፣ ያ ግን ኮባው ከመታረሙ በፊት የታጠፈበት በኩል ስለሆነ በራሴ ነው የማሳብበው። የቀረው እንደ ስፖንጅ ነው።

ገና ረቡዕ ዋለ። ልጄ ረቡዕ ጾም መሆኑን ታውቃለችና «ዛሬስ አይጾሙም?» ብላ ጠየቀች። እማማ ገና ረቡዕም ዓርብም ቢውል እንደሚፈሰክበት ነገሯት። ዳቦውን እሳቸው ባረኩት፣ ለመቁረስ ግን ቢላውን ለባለቤቴ ሰጡት። ዶሮም ነበር። በዋዜማው አንዷን ዶሮ ከነሕይወቷ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ልከው «አንተ እረድልኝ» ብለውታል። የእኛ ወጥ የሚሠራበት ሰማያዊ ክዳን ያለው ድስት አላቸው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ የእነሱ ሥጋ ገብቶበት አያውቅም። አማቴ መጀመሪያ አልወርድም ብለው ነበር። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ግን ወረዱ። ዳቦውን ቀምሰው «ጨው አንሶታል» አሉ። ልክ ናቸው።

እሳቸው ናቸው 1992ን ያስታወሱን። ያን ዓመት ገና 28 ዋለ፣ ዒድ አልፈጥር በማግስቱ። እነሱም ጾም፣ እኛም ረመዳን፣ ሰፈሩ በሙሉ ቀኑን ጾሞ ነው የሚውለው። እኔ ያኔ ሰበታ ልጅ ነበርኩ። የማስታውሰው ሁለት ቀን ተከታታይ አዲስ ልብስ መልበሴን ብቻ ነው።

ዛፉስ? ለሚለኝ፦ አልገዛንም። ልጁ አልቅሶ የመብራቱን ገመድ ብቻ ገዛንለት፣ 400 ብር፣ ከመንገድ ዳር። ሻጩ «ለዒድም ይሆናችኋል» ብሎ ነው ያሳመነኝ። በሦስተኛው ቀን ግማሹ ጠፋ። አትግዙ።

ዳቦ ቤቱ ጋ ግን ለዒድም እሄዳለሁ፣ ኢንሻአላህ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ዳቦዬን ባገኘውም ትሪዬን አላገኘሁትም። ዳቦውን ለመጠቅለል ሲያወጡት ትሪዎቹን አንድ ላይ ቆለሏቸው፣ እኔም ሌሊት የደረሰኝን ትሪ ይዤ ገባሁ። እቤት ያለው አዲስ ነው፣ ከኔ ይሻላል እንኳ። የኔ አሮጌ ነው፣ የእናቴ ነበር። በአንድ በኩል ጠርዙ ተጣሞ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ተቃንቷል። እጃችሁ የገባ ካላችሁ ዳቦ ቤቱ ጋ አስቀምጡልኝ፣ ልጁ ያውቀኛል። «የሌለበት» በሉት።