ድራይ ባትሪዬ ከ14 ወር በኋላ፦ ስለ ስድስቱ የጎማ ክዳኖች

መብራት በሄደ ቁጥር ሻማ መፈለግ ሲሰለቸኝ ነው ባትሪ የገዛሁት። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት፣ ኤጂኤም የሚባለው ዓይነት፣ ሰው በአጭሩ ድራይ ባትሪ የሚለው። ከኢንቨርተር ጋር (የባትሪውን ኃይል የቤት መብራት ወደሚመስል የሚለውጠው ዕቃ) አምፖሎቹን፣ ዋይፋዩንና ቴሌቪዥኑን ይይዝልኛል። ፍሪጅ አላስያዝኩትም። አሁን 14 ወር ሞላው። ደህና ነው ወይ ካላችሁኝ፣ በጣም ደህና ነው። ግን ይሄ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ስምንት ወር ሳይሞላው ሆዱ ተነፍቶ ተጣለ፤ ይህንን የምጽፈውም በዋናነት በእሱ ምክንያት ነው።

አንድ እሁድ ጠዋት ከመደርደሪያው ስር ልጠርግ ጎንበስ ስል የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ መታኝ። የባትሪውን ጎን ነካ ሳደርገው ይፋጃል። ቀጥ ብሎ የነበረው ፕላስቲክ ወደ ውጭ ጎብጦ ግድግዳውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ልጆቹን አስወጣሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ከዚያ ሶኬቱን ሳልነካ ደጅ ወጥቼ ብሬከሩን አጠፋሁ። ሶኬቱን ያልነካሁት በምክንያት ነው። ከባትሪ የሚወጣው ሃይድሮጅን አየሩ ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ትንሽ ብልጭታ ይበቃዋል።

በኋላ አንድ ኤሌክትሪሺያን ጓደኛዬ ቴስተር ይዞ መጣ። ቻርጀሩን ለካው። 15.3 ቮልት! ያውም ቀንም ሌሊትም፣ ሳያቋርጥ። ሻጩ «ለሁሉም ባትሪ ይሆናል» ብሎ የሰጠኝ ቻርጀር ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚቀመጥ ከሆነ የሚፈልገው ከ13.5 እስከ 13.8 ቮልት ነው። ከ14.4 እስከ 14.7 ድረስ መውጣት ይችላል፣ እሱም እስኪሞላ ለጥቂት ሰዓት ብቻ።

አሁን ዋናው ነገር። ድራይ ይባል እንጂ ውስጡ ደረቅ አይደለም። አሲዱ ከመስታወት ክር በተሠራ ስፖንጅ መሰል ምንጣፍ ተመጥጦ ነው ያለው። ባትሪው ከሞላ በኋላ ቻርጁ ሲቀጥል ውሃው ወደ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ጋዝ ይለወጣል። በልኩ ከሆነ ችግር የለም፤ ኦክስጅኑ በምንጣፉ ውስጥ ሾልኮ ኔጌቲቭ ፕሌቱ (በኔጌቲቩ በኩል ያለው የእርሳስ ሳህን) ጋ ይደርስና ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ውሃ ሳይጨመርበት ዓመታት የሚሠራው በዚህ ነው። ቮልቱ ሲበዛ ግን ጋዙ ከሚመለሰው በላይ ይሆናል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ባትሪው ይሞቃል፣ ሲሞቅ ደግሞ የበለጠ ከረንት ይስባል፣ እንደገና ይሞቃል፣ እንዲህ እያለ ካልተቋረጠ ማቆሚያ የለውም።

ጫፍ ላይ የሚጠብቀን ቫልቩ ነው። የሞተውን ባትሪ ከማስረከቤ በፊት መነጽርና ጓንት አድርጌ፣ ደጅ ላይ፣ ከላዩ የተለጠፈውን ፕላስቲክ በጠፍጣፋ መፍቻ አነሳሁት (እናንተ ግን አትሞክሩት፣ አሲድ ነው)። ከስር ስድስት ቀዳዳዎች በረድፍ አሉ፤ እያንዳንዱ 2 ቮልት የሚሰጥ ክፍል የራሱ ቀዳዳ አለው። በእያንዳንዱ ላይ የጣት ጫፍ የምታክል ጥቁር የጎማ ክዳን ተደፍታለች። በቃ፣ ያቺ ናት። ስፕሪንግ የላት፣ ብሎን የላት። ግፊቱ ከ0.1 እስከ 0.4 ባር ገደማ ሲደርስ (ለንጽጽር የመኪና ጎማ ወደ 2 ባር ይነፋል)፣ የሚፈላ ድስት ክዳኑን ብድግ እንደሚያደርገው ጎማዋ ከፍ ትልና ታስተነፍሳለች፣ ከዚያ ተመልሳ ትገጥማለች። መግጠሟ እንደ መክፈቷ ያስፈልጋል፤ የውጭ አየር ከገባ ፕሌቱን ያበላሸዋል። አምስቱ ክዳኖች በቀላሉ ተነሱ። ስድስተኛዋን ነጭ ዱቄት ይዟት ከቀዳዳው ጋር ተጣብቃ ነበር። በቀዳዳው ወደ ውስጥ ሳይ ምንጣፉ ደርቆ ክው ብሏል።

ስለዚህ ቫልቩ ቤቴን አትርፎልኛል፣ ባትሪውን ግን አላተረፈልኝም። በተነፈሰ ቁጥር የወጣው ውሃ አይመለስም። ይሄ ነው ሰው የማይነግራችሁ።

ሁለተኛውን ስገዛ መጀመሪያ ቻርጀሩን ቀየርኩ፤ ቮልቱ የሚስተካከል ገዛሁና 13.6 ላይ አደረግኩት። ባትሪውን ከግድግዳው አንድ ጋት ያህል አራቅኩት። ሳጥን ውስጥ አልከተትኩትም፤ ቫልቭ ያለው ነገር የሚተነፍስበት ቦታ ይፈልጋል። በወሩ መጀመሪያ ቮልቱን እለካለሁ፣ የልጄን ማስመሪያ ጎኑ ላይ አስደግፌ በመሃል ብርሃን ያልፍ እንደሆነ አያለሁ። እስካሁን ማስመሪያው እኩል ይገጥማል። መጀመሪያ ላይ ግማሽ እስኪደርስ ስድስት ሰዓት ያህል ያቆየኝ ነበር፣ አሁን አምስት ሰዓት ተኩል። ለኔ ጥሩ ነው።

ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ያላችሁ ግን የኔን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱ። 13.6 ለ25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.02 ወይም 0.03 ቮልት ያህል ይቀነሳል፤ 35 ዲግሪ ላይ 13.3 ወይም 13.4 ይሆናል ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ 10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል።

በነገራችን ላይ የእጅ ባትሪዬ ውስጥ ያለው ሊቲየም፣ 18650 የሚባለው ክቡ፣ አሠራሩ ሌላ ነው። እዚያ ውስጥ ተከፍቶ የሚዘጋ ጎማ የለም። ብዙዎቹ ላይ ከፖዘቲቩ ጫፍ ስር ቀጭን የብረት ሳህን አለች፤ ግፊቱ 10 ባር አካባቢ ሲደርስ ወደ ላይ ትገለበጥና ከረንቱን ትቆርጠዋለች። በዚያም ካልቆመ ሆን ተብሎ በጭረት እንዲሳሳ የተደረገ ብረት ተቀዶ ጋዙ ይወጣል። ሁለቱም አንዴ ብቻ ናቸው። አንዱ የኔ በድንገት ቴስተር ላይ ዜሮ አሳየኝ። ጥገና ቤት ስወስደው «ተኝቶ ነው፣ እንቀሰቅሰዋለን» አሉኝ። ይዤው ወጣሁ። ያ ባትሪ ተኝቶ ከሆነም የተኛው ውስጡ ግፊት ስለነበረ ሊሆን ይችላል፣ ለምን ይቀሰቀሳል?

የኤጂኤሙ ቅሬታዬ ሁለት ነው። 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ብቻዬን ማንሳት አልችልም። ደግሞ ክዳኖቹ በተለጠፈ ፕላስቲክ ስለተሸፈኑ አንዷ ብትጣበቅ እንኳ ሳይነፋ አላውቅም። ድጋሚ ልገዛ ብል ያንኑ እገዛለሁ፣ ቻርጀሩን ግን እዚያው ሱቅ አሰክቼ በቴስተር ሳልለካ ብር አልከፍልም። ትናንት ማታ መብራት ከመጣ በኋላ ለካሁት፣ 13.6 ላይ ነው። ጎኑም ቀዝቃዛ ነው።