ቢጫው ባልዲ ለስኖ ፕላው አይሆንም፦ ርካሽ የሃይድሮሊክ ዘይት የምትፈልጉ ተጠንቀቁ

በረዶው ሳይጀምር የስኖ ፕላው (ፒክአፕ ፊት የሚገጠም የበረዶ መግፊያ) ዘይት ለመቀየር የተዘጋጃችሁ በዴንቨር፣ በሚኒያፖሊስ፣ በቶሮንቶ፣ በካልጋሪና በኤድመንተን ያላችሁ ወገኖች፣ በቢጫ ባልዲ የሚሸጠውን ባለ 5 ጋሎን የትራክተር ሃይድሮሊክ ዘይት ለፕላዋችሁ አትግዙ። በተለይ ባልዲው ላይ "303" የሚል ቁጥር ካያችሁ እዚያው ተዉት። ዋጋው ያጓጓል፤ አንድ ጋሎን የፕላው ዘይት በሚሸጥበት ብር አምስት ጋሎን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ ሻጩም አያውቀውም።

303 ጆን ዲር ለትራክተሮቹ ያወጣው የድሮ መለኪያ ነው። ያ ዘይት ከሚቀመምባቸው ነገሮች አንዱ የዓሣ ነባሪ ዘይት ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የዓሣ ነባሪ ዘይትን ስትከለክል መለኪያውም አብሮ ቀረ። ኩባንያው በምትኩ ሌሎች አወጣ፤ ዛሬ የሚሠራባቸው ጄ20ሲ እና ጄ20ዲ ናቸው። እንግዲህ አንድ ባልዲ ዛሬ "303ን ያሟላል" ቢል፣ ያሟላ አያሟላ የሚጠይቀው የለም። ማንም ያገኘውን ሞልቶ ቁጥሩን ሊለጥፍበት ይችላል። የሆነውም ይኸው ነው። የሚዙሪ ግዛት የግብርና መሥሪያ ቤት በ2017 በዚህ ስም የሚሸጡ 14 ምርቶችን አስመርምሮ ሁሉም ማሽን ሊጎዳ በሚችል ደረጃ ጉድለት አግኝቶባቸው ሽያጩን አገደ። ሌሎች ግዛቶችም ተከተሉት። በካንሳስ ሲቲ ፌዴራል ፍርድ ቤትም ከየግዛቱ የመጡ የገዢዎች ክሶች በአንድ መዝገብ ተጠቃለው ታዩ። ስለዚህ ሰው ጋራዥ ውስጥ የከረመ፣ "ያልተከፈተ ነው" የተባለ የ303 ባልዲ በግማሽ ዋጋ ቢቀርብላችሁ፣ በነፃም አትቀበሉ።

እውነተኛ የጄ20ሲ ዘይት ቢሆንስ? ለትራክተር ጥሩ ነው፤ ለፕላው አይደለም። በትራክተር ላይ ያው አንድ ዘይት ካምቢዮውንም፣ ዘይት ውስጥ የሚሠራውን ፍሬንም፣ ሃይድሮሊኩንም ያገለግላል። ጥርሶቹን እንዲሸከም ወፈር ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ማሽኑ ጥቂት ከሠራ በኋላም ራሱ ያሞቀዋል። የፕላው ፓምፕ ግን ከመኪናው አፍንጫ ፊት ለፊት ነፋስ ላይ የተሰቀለ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ምላጩን (በረዶ የሚገፋውን ብረት) ለማንሳት ወይም ለማዞር ጥቂት ሰከንድ ይሠራል፣ ያቆማል። የሚያሞቀው የለም። ውጭው -25 ከሆነ ዘይቱም -25 ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ (እዚህ ያሉት ዲግሪዎች ሁሉ በሴልሺየስ ናቸው)።

በዚያ ብርድ ወፍራም ዘይት ምን ያደርጋል? ፓምፑ ዘይቱን ከማጠራቀሚያው መሳብ ያቅተዋል። በመሳቢያው በኩል ባዶ ቦታ ይፈጠርና አረፋ ሲፈነዳ ፓምፑ ይጮኻል፣ ጥርሱም ይበላል። የፓምፑ ሞተር በጤናው ጊዜ እንኳ ከ150 አምፔር በላይ የሚስብ ነው፤ ዘይቱ ሲከብደው ከዚያ ይጨምራል። የባትሪው ቮልት ይወርዳል፣ የፊት መብራት ይደበዝዛል። ቀጥሎ የሶሌኖይዱ (ለፓምፑ ሞተር ኤሌክትሪክ የሚያገናኘው ማብሪያ) መገናኛ ይቃጠላል፤ አንዳንዴም ተጣብቆ ይቀርና መቆጣጠሪያውን ማንም ሳይነካው ሞተሩ መሮጡን ይቀጥላል (ያን ጊዜ ወዲያው የባትሪውን ገመድ ፍቱ)። ምላጩ ሲወርድም ይዘገያል፤ በብዙ ፕላው ላይ የሚወርደው በራሱ ክብደት ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያው እየገፋ ነውና። በዚህ መሐል ባለቤቱ ባትሪ ይለውጣል፣ ሶሌኖይድ ይለውጣል፣ ሞተር ይለውጣል። ጥፋቱ ያለው ግን በባልዲው ውስጥ ነው። ባትሪ ሻጩ ብቻ ነው በዚህ ደስ የሚለው።

ሌላው መታለያ "የመፍሰሻ ነጥብ" የሚባለው ቁጥር ነው። ሻጩ "ይህ ዘይት እስከ -33 ይሠራል" ሲላችሁ ብዙ ጊዜ የሚያነብላችሁ እሱን ነው። ቁጥሩ የሚለካው ዘይቱን በብልቃጥ አቀዝቅዞ፣ በየ3 ዲግሪው እያዘነበሉ፣ መነቃነቅ ያቆመበትን በማየት ነው። ተነቃነቀ ማለት ፓምፕ ይስበዋል ማለት አይደለም። የመፍሰሻ ነጥቡ በአካባቢያችሁ ከሚደርሰው ብርድ ቢያንስ 10 ዲግሪ ዝቅ ማለት አለበት፤ እሱም ብቻውን አይበቃም። ወሳኙ ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚወፍር ነው። የምርቱን የመረጃ ወረቀት ጠይቁና በ40 ዲግሪ፣ በተለይ ደግሞ በ-20 እና በ-40 ያለውን ውፍረት በሴንቲስቶክ እዩ (የውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ዘይቱ ወፍራም ነው)። ለማነፃፀር ያህል፣ ኤደብሊው32 የሚባለው የተለመደው የማሽን ሃይድሮሊክ ዘይት በ40 ዲግሪ 32 ሴንቲስቶክ ነው፤ በ-20 ግን ከ1,000 ያልፋል። ሚል-ኤች-5606 የሚባለውን የአውሮፕላን ሃይድሮሊክ መለኪያ የሚያሟላ ዘይት በ40 ዲግሪ 14 ገደማ ሆኖ በ-40 ከ600 እንዳይበልጥ ይገደዳል። የአውሮፕላኑ ዘይት በኤድመንተን ክፉ ሌሊት ላይ፣ ኤደብሊው32 በተራ የሚኒያፖሊስ ጥዋት ላይ ከሚሆነው የቀጠነ ነው ማለት ነው። የብርድ ቁጥር የሌለውን ወረቀት እንደ ማስታወቂያ ቁጠሩት።

ይህን የጠቀስነው ያለ ምክንያት አይደለም። የፕላው አምራቾቹ የዌስተርንና የፊሸር የባለቤት መመሪያዎች ከራሳቸው ዘይት ሌላ የሚል-ኤች-5606ኤን መለኪያ የሚያሟላ እንደሚሆን ጽፈዋል፤ ሞቢል ኤሮ ኤችኤፍኤንና ኤሮሼል ፍሉይድ 4ን በምሳሌነት ይጠቅሳሉ። የፋብሪካው ስም ያለበት ጋሎን ዋጋው ከበዛባችሁ ርካሹና ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፦ መመሪያውን ከፍታችሁ የተፈቀደውን መለኪያ ፈልጉ፣ ከዚያ ያንን መለኪያ በስሙ የጻፈ ምርት በዋጋ አወዳድሩ። ሌላው የፕላው አምራች ሜየር ኤም-1 የሚባል የራሱ ዘይት አለው፤ በሱ ፓምፕ ላይ በግምት ሌላ አትሞክሩ።

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት መጨመር የተለመደ ነው፤ አንዳንድ ፋብሪካ ይፈቅደዋል፣ አንዳንዱ ይከለክለዋል። መመሪያችሁ ከፈቀደ መካከለኛ ብርድ ላይ ይሠራል። ነገር ግን "ዴክስሮን 3" የሚል ጠርሙስ ስታዩ ጄኔራል ሞተርስ የዚህን ስም ፈቃድ በ2006 መጨረሻ እንዳቆመ እወቁ። ዛሬ የሚሸጠው በአምራቹ ቃል ብቻ የሚታመን ነው፤ ስለዚህ ስሙ የታወቀ አምራች ምረጡ፣ ከመደርደሪያው ግርጌ ያለውን ስም የለሽ ጠርሙስ ተዉት። ኤድመንተንና ሰሜን ሚኒሶታ ላላችሁ ግን ባንመክረው ይሻላል።

ስለ ዋጋው ደግሞ ሒሳብ እንሥራ። የአንድ ፒክአፕ ፕላው ሙሉ ሲስተም ብዙውን ጊዜ የሚወስደው ከ2 እስከ 4 ኳርት ነው። አንድ ጋሎን 4 ኳርት ነው። ባልዲው 20 ኳርት ይይዛል፤ ቢያንስ 16ቱ ተርፎ ጋራዥ ውስጥ ክዳኑ ተከፍቶ ሲዘጋ እርጥበት እየጠጣ ይቀመጣል። በዓመት የምትጠቀሙት ከአንድ ጋሎን ስለማይበልጥ፣ በዚያው ብር ባልዲ መግዛት የሚያተርፈው ነገር የለም። ብዙ ፕላው ካላችሁ ባልዲ መግዛት ያዋጣል፣ ግን የትክክለኛውን ዘይት ባልዲ።

ቀለም አያታልላችሁ። ሰማያዊም ቀይም ከማቅለሚያ የሚመጣ ነው፤ ማንም ዘይቱን ሰማያዊ ሊያደርገው ይችላል። የፍሬን ዘይት ግን በምንም ምክንያት እንዳይገባ፤ የፕላው ጎሚኒና ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) ለማዕድን ዘይት የተሠራ ነው፣ በፍሬን ዘይት አብጦ ይበሰብሳል። ሁለት ዓይነት ዘይት መቀላቀልም አረፋ ሊያመጣ ይችላል።

አንድ ዘይት ከመጨመራችሁ በፊት ቤት ውስጥ የምትሞክሩት አለ። ግማሽ ብርጭቆ የሚሆን በክዳን የሚዘጋ ብልቃጥ ውስጥ ጨምሩ፤ በሌላ ተመሳሳይ ብልቃጥ ደግሞ በእርግጠኝነት የፕላው የሆነ ዘይት። ሁለቱን የማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ አሳድሩ፤ የቤት ፍሪዘር -18 ገደማ ነው። ጠዋት ሁለቱን እኩል አዘንብሏቸው። አንዱ ቶሎ ሲፈስ ሌላው ከጎተተ፣ በ-30 ልዩነቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ከአሮጌው ዘይታችሁ የተቀዳም ይኸው ይሞከርበት፤ ከበረዶ ቤት ደብዛዛ ሆኖ ከወጣ ወይም ከሥሩ የበረዶ ቅንጣት ከታየ ውሃ ገብቶበታል። ዘይትን በጋለ መጥበሻ ላይ ጠብ አድርጎ ጩኸቱን መስማት የቆየ የጋራዥ ዘዴ ቢሆንም በ5606 ዓይነት አትሞክሩት፤ ቀጭን ነው፣ ከ82 ዲግሪ ጀምሮ ትነቱ እሳት ሊይዝ ይችላል።

ውሃው በተለይ በዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁ የከፋ ነው። እዚያ በረዶው ጥቂት ስለሆነ ፕላው ብዙ ወር ተቀምጦ ይከርማል። በሙቀትና በብርድ መለዋወጥ አየር በማጠራቀሚያው መተንፈሻ እየገባ ይጤዛል። ያ ጠብታ ፓምፑ ሥር ያለችው ወንፊት ላይ ሲረጋ ምላጩ ጭራሽ አይነሳም፤ ቫልቭ ውስጥ ሲረጋ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ዞሮ ይቀራል። ስለዚህ በሥራ ሰዓት ብዛት አትለኩ፤ ዘይቱን በየዓመቱ ቀይሩ።

አቀያየሩ ከባድ አይደለም፤ የሚያበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ምላጩን መሬት አስነኩ፣ የማንሻው ሲሊንደር ሙሉ በሙሉ ይግባ። ቁልፉን አውጡ፣ የፓምፑን ሞተር ገመድ ንቀሉ። ከላይ ያለውን ክዳን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያውን ጥረጉ፤ አሸዋና ጨው የሚገባው ያኔ ነው። የታችኛውን ብሎን ፍቱና አፍስሱ። ወንፊቷን አውጥታችሁ ክር በማይተው ጨርቅና በጥቂት አዲስ ዘይት እጠቡ፤ ቤንዚን አይንካት። ማጠራቀሚያው ማግኔት ካለው፣ በሱ ላይ እንደ ቅባት የላመ ጥቁር ብረት ቢኖር የወትሮ ነው፤ በጣት የሚያዝ ስባሪ ካለ ፓምፑ ራሱ እየሄደ ነው። በማዞሪያ ሲሊንደሮችና በቱቦዎች የቀረውን ለማውጣት ቱቦውን ፍታችሁ ምላጩን በእጅ ግራና ቀኝ ግፉት። ይህን የሚዘሉት ሰዎች ከአሮጌው ዘይት ብዙውን መልሰው ያስቀሩታል።

ስትሞሉ ሲሊንደሩ እንደገባ ይሁን። ምላጩ ተነስቶ ከሞላችሁት፣ ሲወርድ የሚመለሰው ዘይት በመተንፈሻው ይፈስሳል። መመሪያው እስከሚለው መስመር ሙሉ፣ ገመዱን መልሱ፣ ምላጩን ብዙ ጊዜ አንሱ አውርዱ፣ ሁለቱም ጎን አዙሩ። አረፋው እስኪረጋ ጠብቁና ደረጃውን ደግማችሁ እዩ። ፍሳሽ ስትፈልጉ እጃችሁን ቱቦው ላይ አታድርጉ፤ ግፊቱ ከ1,500 ፒኤስአይ በላይ ስለሚሆን በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ካርቶን ያዙበት። ቆዳ ውስጥ ከገባ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው፤ ሲውል ጣት ያስቆርጣል።

303ን አስቀድማችሁ ጨምራችሁ ከሆነ አንድ ጊዜ ማፍሰስ አይበቃም። ከላይ እንዳልነው አፍስሱ፣ በትክክለኛው ዘይት ሙሉ፣ ሁሉንም ሲሊንደር እያንቀሳቀሱ ካሠሩ በኋላ እንደገና አፍስሱና ሙሉ። ሁለት ጋሎን ይፈጃል። ባልዲውን ከነጽሑፉ፣ ከክዳኑ ወይም ከጎኑ ያለውን የምርት ቁጥርና ደረሰኙን አትጣሉ፤ ፎቶ አንሷቸውና ለግዛታችሁ የሚዛንና መለኪያ መሥሪያ ቤት አመልክቱ። በብዙ ግዛቶች ይህ ሥራ በግብርና ቢሮ ሥር ነው። አሮጌውን ዘይት የመኪና ዕቃ መደብሮች ብዙ ጊዜ በነፃ ይቀበላሉ፤ ከፍሬን ዘይት ወይም ከራዲያተር ውሃ ጋር ካልተቀላቀለ ብቻ።