ባለ 1 ጊጋባይት ሰርቨር በሚሞሪ ገደብ፦ ከ8 ወር በኋላ

የተገመገመው 1 ጊጋባይት ራም (ሚሞሪ) ያለው የኪራይ ክላውድ ሰርቨር ነው፤ ኡቡንቱ 22.04 (የሊኑክስ ሲስተም)፣ ኤንጂንኤክስ (ገጹን ለጎብኚ የሚያደርስ)፣ ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም (ገጹን የሚያዘጋጀውን የፒኤችፒ ኮድ የሚያስኬድ) እና ማይኤስኪውኤል (ዳታውን የሚይዝ) ተጭነውበታል። ሥራው ከደብረ ማርቆስና ከአካባቢዋ ወረዳዎች የጤፍና የበቆሎ ዋጋ ተቀብሎ ማሳየት ነው። ሳምንቱን ጭር ይላል፤ በገበያ ዋዜማ ማታ ግን ሁሉም ባንድ ሰዓት ይገባበታል። ገደብ ያልተበጀለት ሰርቨር የሚወድቀው ያኔ ነው።

ከ1 ጊጋባይቱ ለሥራ የሚገኘው 960 ሜጋባይት ገደማ ነው። ሲስተሙ ራሱ 180፣ ማይኤስኪውኤል 350፣ ኤንጂንኤክስ 20 ይወስዳሉ፤ 100 ለመጠባበቂያ ይቀመጣል። 310 ቀረ። እዚህ ድረ ገጽ ላይ አንድ የፒኤችፒ ወርከር (ጥያቄን አንድ በአንድ የሚያስተናግድ ፕሮሰስ) 55 ሜጋባይት ስለሚበላ ከ5 ወርከር በላይ አይችልም። 20 ቢደረግ 1100 ሜጋባይት ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ ራሱ ያን ያህል የለውም። ብዙ ሰው የሚስተው ፒኤችፒ ውስጥ ያለው የ128 ሜጋባይት ሊሚት ለአንድ ጥያቄ እንጂ ለሁሉም ወርከሮች በድምር አለመሆኑን ነው።

5 ማነሱ ያሳስብ ይሆናል። ነገር ግን ከቢቸና ወይም ከደጀን በደካማ ኔትወርክ የሚገባ ሰው ወርከር ይዞ አይቆይም፤ ኤንጂንኤክስ መልሱን ከፒኤችፒ ተቀብሎ ራሱ ቀስ እያለ ያደርስለታል።

የፒኤችፒ ገደብ በሲስተምዲ (አገልግሎቶችን በሚያስነሣውና በሚቆጣጠረው የሊኑክስ ክፍል)፦ ሜሞሪሃይ 300፣ ሜሞሪማክስ 340 ሜጋባይት። የመጀመሪያው ሲታለፍ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ሥራውን ያዘገያል፣ ሁለተኛው ሲታለፍ ይገድላል። ገደቡ በሲስተምሲቲኤል ኤዲት ትእዛዝ ከተጻፈ ፓኬጁ ሲታደስ አይጠፋም። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ ሲስተምዲ በነባሪ ባሕርዩ አንድ ወርከር በሚሞሪ እጥረት ሲገደል አገልግሎቱን በሙሉ ያቆማል። አንዱ ስለጠገበ ማዕዱ ሁሉ ይነሣል እንደማለት ነው! ኦኦኤምፖሊሲን (ሚሞሪ ሲያልቅ የሚወሰደውን እርምጃ የሚወስነውን ቅንብር) ኮንቲኒው ብታደርጉት የሞተው ብቻ ይተካል።

ሜሞሪማክስ ስዋፕን (ሚሞሪ ሲጠብብ የሚያገለግለውን የዲስክ ቦታ) አይቆጥርም። ስዋፕ ካለ ወርከሩ በመሞት ፈንታ ወደ ዲስክ እየተገፋ ይንፏቀቃል፤ ስለዚህ ሜሞሪስዋፕማክስ 64 ሜጋባይት ይሁን። መሞቱና መንፏቀቁ ጎብኚው በሚያየው የስህተት ቁጥርም ይለያል፦ 502 ከመጣ ፒኤችፒ ሞቷል፣ 504 ከመጣ በሕይወት አለ ግን ተጣብቋል።

ማይኤስኪውኤል ላይ ጠባብ ሜሞሪማክስ አይመከርም። ድንገት ከተገደለ እንደገና ሲነሣ ዳታውን ለመጠገን ጊዜ ይፈጃል። ይልቅ ከፍተኛውን የግንኙነት ቁጥር ከ151 ወደ 30 ማውረድና ፐርፎርማንስ ስኪማን (የራሱን አሠራር የሚመዘግብበትን ክፍል) ማጥፋት ይበጃል።

በሲስተምሲቲኤል ስታተስ ላይ የሚታየው የሚሞሪ ቁጥር እያደር ማደጉ አያስደንግጥ፤ ከተነበቡ ፋይሎች የተያዘ ካሽም አብሮ ይቆጠራል፣ ሲያስፈልግም ይለቀቃል። እውነተኛ ማፍሰስ (ወርከሩ የያዘውን ሚሞሪ አለመልቀቅ) ካለ ወርከሩ ከ500 ጥያቄ በኋላ እንዲታደስ ማድረግ ይይዘዋል፤ ነባሪው 0 ስለሆነ ካልነኩት ፈጽሞ አይታደስም።

የኤፍፒኤም ሎግ የወርከር ጣሪያ መነካቱን በየገበያው ዋዜማ ከጻፈ ግን ገደቡን ማላላት አይረዳም፤ ወደ 2 ጊጋባይት ማደግ ነው።