ደብረ ብርሃን መውጫ ላይ ያለው ጎሚስታ

የጎማ ንፋስ መብራት አልጠፋ ብሎ ያሰለቻችሁ ካላችሁ፣ ደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና መውጫ ላይ ያለውን ጎሚስታ ሞክሩት። ሌላ ቦታ ንፋስ ይሞሉና "በቃ፣ ሂድ" ይላሉ። መብራቱ በነጋታው ይመለሳል። ይሄ ልጅ ግን መጀመሪያ ሾፌር በር ላይ የተለጠፈውን የንፋስ ልክ አነበበ፣ ከዚያ በሳሙና ውሃ አራቱንም ጎማ ሲፈትሽ የኋላ ቀኙ ቫልቭ ላይ ጥቃቅን አረፋ ፍልቅ ፍልቅ አለ። የቫልቩን የውስጥ ዕቃ ቀየረ፣ አለቀ።

ብርዱም የራሱ ድርሻ አለው፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ንፋሱ ወደ 2 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል፣ እና አዲስ አበባ በቀትር ፀሐይ የተሞላ ጎማ እዚህ ጠዋት መብራት ቢያበራ አይገርምም። መኪና ሲነሳ መብራቱ ለደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ በርቶ ከቀረ ግን ጣጣው የጎማውን ንፋስ የሚለካው ሴንሰር ነው። እሱን እዚህ አይሠሩም። ወረፋው ያማርራል፣ ዋጋው ሸጋ ነው።