ደሴ ላይ ማመልከቻ የት ይጻፍ? የእኔ ምርጫ

ደሴ ውስጥ አቤቱታ ማጻፍ የፈለገ ሰው ቢጠይቀኝ የምልከው አንድ ቦታ ነው። ከፒያሳ ወረድ ብሎ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። በሯ ላይ «ማመልከቻ ይጻፋል» ይላል፣ ሌላ ስም የላትም። ባለቤቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

የሄድነው ስለ ሰፈራችን ሜዳ ነው። ደሴን የሚያውቅ ሰው የሜዳን ዋጋ ያውቃል። በአንድ በኩል ጦሳ ተራራ፣ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል አለ፤ ከተማው መሃል ላይ በተዳፋቱ ተጨናንቆ ነው የተሠራው። ለጥ ያለ መሬት ሁሉም ይፈልገዋል። የእኛ ሜዳ ትንሽ ናት። ግን ልጆቻችን ኳስ የሚጫወቱት እዚያ ነው። የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነው፣ ሟቹ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን። የሰፈሩ ደመራም እዚያው ይለኮሳል። ክረምት ላይ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ሜዳዋ ላይ ሲደርስ ይበተናል፣ ይሰርጋል። ቤት ከተሠራባት ያ ውሃ የሚገባው ታች ያሉት ሰዎች ጓዳ ነው። ሆጤ ስታዲየም አለላችሁ ያሉንም ነበሩ። ሆጤ የከተማው ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ ብቻውን አይላክበትም።

ታዲያ ሜዳዋ ላይ ችካል ተተክሎ አገኘን። ማን እንደተከለው የጠየቅነው የቢሮ ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ክፍል መራን። እድሩ ተሰብስቦ ጉዳዩን የሚከታተሉ ሰዎች ወከለ፣ እኔም አንዷ ሆንኩ።

የሰፈሩ ወጣቶች ያዘጋጁትን ረጅም ጽሑፍ ይዘን ነው ጋሼ ጋ የገባነው። ንዴቱ ከባድ ነበር። እስከ መጨረሻው አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጆቼ፣ ብሶታችሁ እውነት ነው። ግን ይሄን ያነበበው ሰው ምን እንዲያደርግላችሁ ነው የምትፈልጉት?» አሉን። እርስ በርስ ተያየን። ከዚያ ገና አንድ ፊደል ሳይጽፉ ጥያቄ ጀመሩ። ሜዳው በከተማው መዋቅራዊ ፕላን (የትኛው መሬት ለምን እንደሚውል በሚያሳየው ካርታ) ላይ በምን ተመድቧል? አረንጓዴ ቦታ ነው፣ መኖሪያ ነው? ከማን ጋር ይዋሰናል?

ለእኔ የዚህ ቤት ትልቁ አገልግሎት ይህ ነው። ሌላ ቦታ የምትሉትን ይተይቡላችኋል። እዚህ ጉዳዩን ያስረዷችኋል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የሚባል እንዳለ እኔ ከእሳቸው ነው የሰማሁት። ግንባታ ፕላኑን መከተል አለበት። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረትም ለጨረታ የሚወጣ ቦታ ከከተማው ፕላን ጋር መጣጣም አለበት። በአገራችን የከተማ ፕላን አሠራር 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንደሚታሰብም ነገሩን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ አቤቱታ የማቅረብ መብት አለ። አንቀጽ 43 ደግሞ ማኅበረሰቡን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳባችንን እንድንሰጥ መጠየቅ መብታችን ነው ይላል። ይህን ሁሉ ሲነግሩን አብረውን የመጡት እትዬ «አብሽሩ፣ ለካ ባዶ እጃችንን አይደለንም» አሉ። እኔም ልቤ ሞላ።

ማመልከቻው ሁለት ገጽ አልሞላም። ሦስት ነገር ይጠይቃል። የቦታው ፕላን ይታየን። ለሰው ተሰጥቶ ከሆነ በየትኛው ውሳኔ፣ በምን ቀንና ቁጥር እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልን። መልስ እስኪሰጠን ግንባታ አይጀመር። በቃ። የእድሩ ቃለ ጉባኤ ተያያዘ። ፊርማው ከስምና ከቤት ቁጥር ጋር ሆነ፤ አንድ ሰው ለቤተሰቡ ሁሉ እንዳይፈርም አጥብቀው አስጠነቀቁን። ስታስገቡ ለጥበቃ ወይም ለጸሐፊ ሰጥታችሁ እንዳትመጡ፣ መዝገብ ቤት ሂዱና በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱ አሉን። ያ ቁጥር በኋላ ስንት በር እንደከፈተልን እኔ ነኝ የማውቀው። «ማመልከቻ አልደረሰንም» የሚል ሰው ሲገጥመን ቅጂውን አውጥተን እናሳያለን።

የማይመቹ ነገሮችም አሉ። ፎቶ ኮፒው ደብዛዛ ነው፤ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ። መብራት ከጠፋ ሥራው ይቆማል። ዋጋ አስቀድመው አይናገሩም፣ ስለዚህ እናንተ ጠይቁ። ከእኛ ሙሉ ሒሳብ ነው የተቀበሉት፣ ደረሰኝ ግን ሰጥተውናል፣ ለእድሩ ገንዘብ ያዥ ማስረከብ ቻልን። ጠበቃም አይደሉም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ሌላ ሰው እንደምንፈልግ ራሳቸው ነግረውናል።

ሜዳዋ ገና ሙሉ በሙሉ አልተረፈችም። ባለሙያ መጥቶ ቦታውን ለክቶ ሄዷል፣ የጽሑፍ መልሱን እየጠበቅን ነው። ችካሉ አልተነሳም፤ ነገር ግን እስካሁን አንድ ድንጋይ አልተራገፈባትም። ይህች ሜዳ ከሄደች በአካባቢያችን ሌላ የሚተካት የለም፤ ስለዚህ መልሱ እስኪመጣ መመላለሳችንን አናቆምም።

ሌላ ሰፈር ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ ቃለ ጉባኤያችሁንና የቦታውን ፎቶ ይዛችሁ ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት ወረፋው ይረዝማል፣ አርብ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ለጁምዓ ይዘጋሉ።