ፑላችን ላይ የወንፊት ቤት ልናሰራ ነበር፣ ጋሼ ግን መጀመሪያ ባልዲ አምጪ አሉኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ይሄን ምስጋና መጻፍ ከነበረብኝ ሁለት ወር አልፎታል፣ ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ እንጂ ረስቼው አይደለም። ዛሬ ጠዋት ልጄ የፑሉን በር ሊከፍት ሲታገል አየሁና በቃ አሁኑኑ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ረዘም ይላል፣ ቤታችሁ መዋኛ ገንዳ ኖሯችሁ ዙሪያውን በወንፊት ላሸፍን ወይስ ይቅርብኝ እያላችሁ የምታወጡ የምታወርዱ ካላችሁ ግን አንብቡት፣ ሌላው ሰው ቢያልፈው ቅር አይለኝም።

ለማታውቁት፣ ስክሪን ኢንክሎዠር የሚሉት ነገር ገንዳውን ከነዙሪያው የሚውጥ በአሉሚኒየም ቋሚና አግዳሚ የተሰራ ትልቅ ቤት ነው፣ ግድግዳውም ጣራውም መስኮት ላይ እንደሚወጠረው ያለ የትንኝ ወንፊት ነው። አየርና ዝናብ ይገባል፣ ቅጠልና ትንኝ ውጪ ይቀራል፣ ሀሳቡ ይሄ ነው። (እናቴ ስክሪን ስላት ገንዳው ላይ ቲቪ ልንሰቅል መስሏት ሁለት ቀን ተቆጥታናለች።)

እኛ እዚህ ሀሳብ ላይ የደረስነው ነገር ተደራርቦብን ነው። ጠዋት ጠዋት ውሀው ላይ ቅጠል ተነጥፎ ይጠብቀናል፣ ማታ ቁጭ ስንል ትንኝ አያስቀምጠንም፣ ውሀው ደሞ በየሳምንቱ እየጎደለ በጎማ መሙላት ሆነ ስራችን፣ ከሁሉም በላይ ደሞ ልጃችን ሶስት ዓመት ሞላው፣ ይሮጣል፣ በር መክፈት ችሏል፣ እኔ እንቅልፍ አልነበረኝም። መጀመሪያ የጠራነው ድርጅት (ስሙን አልጠራም፣ ሰው ለማማት አይደለም የምጽፈው) ሁለት ልጆች ላከ፣ ሜትር ዘረጉ፣ ፎቶ አነሱ፣ አስር ደቂቃ አይሞላም፣ ማታ ዋጋው በቴሌግራም መጣ። ቅጠሉስ? ይቀራል። ትንኙስ? ይቀራል። የውሀው መጉደልስ? እሱም ይቀራል። ልጁስ ስንላቸው ደሞ «እሱማ ተገላገላችሁ» አሉን። ባለቤቴ ቅድመ ክፍያ ሊልክ ስልኩን አውጥቶ ነበር። እኔን ግን የሆነ ነገር ከነከነኝ፣ አንድ ኪኒን ለአራት በሽታ ሲታዘዝ አይቼ አላውቅም።

ከዛ ነው በሰው በሰው ጋሼን ያገኘናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ አታድርጊው ብለውኛል። አንድ ነገር ግን ያዙልኝ፣ የሳቸው እንጀራ ራሱ አሉሚኒየምና ወንፊት ነው፣ ይሰራ ቢሉ ብሩ የሚገባው እሳቸው ኪስ ነው።

መጡ፣ ሜትራቸውን ከኪሳቸው እንኳን አላወጡም፣ ወንበር ስበው ገንዳው ዳር ቁጭ አሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ዛፉን ያያሉ፣ ጣራውን ያያሉ፣ የሳሎኑን በር ያያሉ፣ እኔ ደሞ በሆዴ ኧረ እኚህ ሰውዬ ምን ሊሆኑ ነው እያልኩ ነው። ከዛ «ልጄ፣ ወንፊቱን ተይውና ምን ምን እንዳስመረረሽ አንድ በአንድ ንገሪኝ» አሉኝ። ስነግራቸው ተነስተው የስኪመሩን (ገንዳው ግድግዳ ላይ ሆኖ የተንሳፈፈውን ቆሻሻ የሚስበው ነገር) ቅርጫት አወጡና ውስጡ ያለውን ሁሉ ታይሉ ላይ ደፉት። እዛው ቁጢጥ ብለው በጣታቸው ይለዩ ጀመር፣ ትልልቁን ቅጠል በአንድ በኩል፣ ደቃቁንና አፈሩን በሌላ በኩል። አፈሩ ያለበትን ክምር አሳዩኝና «ይሄ ወንፊት ኖረም አልኖረም ይገባል፣ አቧራ በቀዳዳው ያልፋል» አሉ። የቅጠሉን ክምር ደሞ እያዩ ወደ ዛፉ ቀና አሉ፣ ሁሉም የአንድ ዛፍ ቅጠል ነው፣ ያውም ገንዳው ላይ የተጋደመው የአንድ ቅርንጫፍ። «ይሄንን ጣራ ብትሰሪለት ቅጠሉ የት የሚሄድ ይመስልሻል? ጣራው ላይ ተከምሮ ይረጥባል፣ ወንፊቱን ያረግበዋል፣ ቅርንጫፉ የወደቀ ቀን ደሞ ይቀደዋል።» ቅርንጫፉን አስቆረጥነው፣ የቅጠሉ ነገር በዛው በአብዛኛው አለቀ።

አሁን ወደ ባልዲው። ውሀው ይጎድላል ስላቸው «በንፋስ ነው ያለሽ ማነው?» አሉኝ፣ እነዛ ልጆች አልኳቸው። ባልዲ አምጪ አሉ። የገንዳው ደረጃ ላይ አስቀመጡት፣ እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ከተቱበትና ውስጡን በገንዳው ውሀ ከውጪው ጋር እኩል አድርገው ሞሉት፣ ከዛ ባልዲው ውስጥም ውጪም የውሀው ልክ ላይ ፕላስተር ለጠፉ። ለ24 ሰዓት ማንም ውሀ አይጨምር፣ ማንም አይዋኝ። ባልዲውም ገንዳውም ላይ ያለው ጸሀይና ንፋስ አንድ ነው፣ ስለዚ በትነት ብቻ ከሆነ የሚጎድለው ሁለቱም እኩል ነው የሚወርዱት፣ ገንዳው ከባልዲው በላይ ከወረደ ግን የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። በነጋታው ባልዲው 6 ሚሊሜትር ወርዷል፣ ገንዳው 19። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ፓምፑን አጥፍተው ውሀው ጸጥ ሲል በስሪንጅ ቀይ ቀለም ይዘው ስኪመሩ ጋ ሄዱ፣ ፕላስቲኩ ከኮንክሪቱ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጠብ ሲያደርጉት ቀለሙ እንደ ክር ቀጥኖ ወደ ስንጥቁ ተሳበ። በቃ ይሄ ነበር። በማጣበቂያ ደፈኑት፣ ያንን ሁሉ ውሀ ስንደፋ የከረምነው ጸጉር በምታክል ስንጥቅ ነው። እስቲ አስቡት፣ ያንን ቤት አሰርተነው ቢሆን ኖሮ ውሀው እዛው ውስጥ ሆኖ መፍሰሱን ይቀጥል ነበር።

ለቀሪው ትነትም ወንፊት መድሀኒቱ አይደለም አሉ፣ ንፋሱንና ጸሀዩን ትንሽ ያበርዳል እንጂ ውሀው እንደተገለጠ ነው። ትነትን የሚይዘው ውሀው ላይ የሚተኛው ከቨር (መሸፈኛ) ነው። እኔም በኋላ ሳነብ የአሜሪካ ኢነርጂ መስሪያ ቤት ከቤት ውጪ ያለ ገንዳ ሙቀቱን ከሚያጣበት 70 በመቶው ትነት እንደሆነ፣ ከቨር ደሞ የሚጨመረውን ውሀ ከ30 እስከ 50 በመቶ እንደሚቀንስ ጽፏል። ወንፊት ጥላ ስለሚሆን እንደውም ውሀው ቀዝቀዝ ይላል፣ ሙቀት የምትወዱ ይሄንንም አስቡበት። በሌላ በኩል ጸሀይ ሲቀንስ ክሎሪኑም ቶሎ አያልቅም፣ ውሀውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌም ይቀንሳል፣ ይሄ እውነት ነው፣ ግን ለሱ ብቻ ከሆነ ሲያኑሪክ አሲድ የሚባለው ማረጋጊያ መኖሩን አስለኪ አሉኝ፣ እሱ ከሌለ ክሎሪን ጸሀይ ላይ ሰዓታት እንኳን አይቆይም።

ትንኙ ደሞ አሳፈረኝ። ገንዳው ነው የሚያመጣብን እያልኩ ስከስ ነበር፣ ጋሼ ግን የሚንቀሳቀስና ክሎሪን ያለው ውሀ ትንኝ አይራባበትም ብለው ግቢውን መዞር ጀመሩ። የአበባ ማሰሮዎቹ ስር ያለው ሳህን፣ ጥግ ላይ የተረሳ የዝናብ ውሀ የያዘ ገንዳ፣ የታጠፈው የድሮ ላስቲክ ሽፋን ውስጥ የቋጠረው ውሀ። ላስቲኩን ገለጥ ሲያደርጉት ውሀው ውስጥ ትንንሽ ነገር ይራወጣል፣ እጮቹ ናቸው፣ ዘገነነኝ። ከእንቁላል እስከሚበር ትንኝ ሲሞቅ ከሳምንት እስከ አስር ቀን ይበቃዋል፣ ስለዚ በየሳምንቱ ድፊ፣ ሁለት ሳምንት ቆይተሽ ደውይልኝ አሉኝና ሄዱ። ልብ በሉ፣ ስራ ፈልጎ የመጣ ሰው ነው ሁለት ሳምንት ጠብቂ ብሎኝ የሄደው። ቀነሰ፣ በጣም ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም፣ የጎረቤትን ግቢ ማን ያጸዳል።

ስለዚ ወንፊቱ አስፈለገ፣ ግን ገንዳው ላይ አይደለም። «ማታ የምትቀመጡት የት ነው?» በረንዳው ላይ። «ታድያ እሱን እንሸፍናለና፣ ውሀውን ትንኝ ቢነክሰው ምን ይሆናል» ብለው ሳቁ። ሁለት ናሙና አመጡ፣ አንዱ የተለመደው 18 በ14 የሚባለው ነው፣ በአንድ ኢንች ውስጥ በአንድ በኩል 18 በሌላው 14 ቀዳዳ ማለት ነው፣ ትንኝ ይከለክላል ግን ያ አይታይም የሚባለው ደቃቅ ነካሽ ያልፈዋል። ሌላው 20 በ20 ነው፣ ጠበቅ ያለ፣ ደቃቁንም ያቆማል፣ ግን ነፋሻውንም ያፍነዋል። ሁለቱንም ፊቴ ላይ ይዘው እፍ በይ አሉኝ፣ ልዩነቱ ትንፋሼ ላይ ታወቀኝ። እኛ ጋ ደቃቁ ስለሌለ የመጀመሪያውን መረጥን።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ፣ እኔን ያስለቀሰኝ እሱ ነው። የወንፊት ቤቱ በአንድ ጎኑ ከቤታችን ግድግዳ ጋር ነበር የሚያያዘው፣ የሳሎናችን በር በቀጥታ ወደ ውስጡ ይከፈታል። ጋሼ በሩን ከፍተው ቆሙና «ልጅሽ ከየት ነው የሚመጣው? ከመንገድ ነው ወይስ ከዚህ?» አሉኝ። ከዚህ አልኩ። «ስለዚ እኛ የምንሰራው ሌባውን ውስጥ አስገብቶ አጥር ማጠር ነው» አሉ። ከዛ በኋላ ገባኝ። ልጁን የሚጠብቀው ገንዳውን በአራቱም ጎን ከቤቱም ጭምር የሚለይ አጥር ነው። ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ የጤና ተቋም እንደሚለው በአራት ጎን የታጠረ ገንዳ ቤቱ አንድ ጎን ሆኖለት በሶስት ጎን ከታጠረው ጋር ሲነጻጸር የልጆችን የመስጠም አደጋ 83 በመቶ ይቀንሳል፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ደሞ እዛ አገር ከምንም ነገር በላይ የሚሞቱት በመስጠም ነው። የመጀመሪያው ድርጅት የላካቸው ልጆች ተገላገላችሁ ያሉኝ ይሄንን ነበር እንግዲህ፣ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

አጥሩን የሰሩልን ራሳቸው ናቸው። ከ1.2 ሜትር ከፍ ያለ፣ በቋሚዎቹ መሀል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲሜትር ያነሰ፣ ልጅ የሚረግጠው አግዳሚ በውጪ በኩል የለውም። በሩ ከገንዳው ወደ ውጪ ነው የሚከፈተው፣ ማጠፊያው ስፕሪንግ አለው ሲለቁት ራሱ ይዘጋል፣ መቀርቀሪያው ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ነው። ከጨረሱ በኋላ በሩን ሀያ ጊዜ ይሆናል ከፍተው የለቀቁት፣ ከሰፊው ይለቁታል፣ በጣት ክፍተት ይለቁታል፣ በጣት ክፍተት ሲሆን አንዴ አልቆልፍ አለ፣ እንደገና ፈትተው ማጠፊያውን አጠበቁት። እና እየሰሩ ደጋግመው የሚሉኝ ነገር አለ፣ አጥሩ አንቺን አይተካም፣ ዓይንሽን እንዳትነቅይ። ከቨሩንም ልጅ ከስሩ ሊገባ ስለሚችል ስትዋኙ ግማሹን ብቻ ጠቅልላችሁ እንዳትተዉት ብለው አስጠነቀቁን።

ወንፊት ቤት ጥሩ አይደለም እያልኩ እንዳይመስላችሁ፣ ጋሼም አላሉም። ዙሪያውን ዛፍ የከበበው ገንዳ ካላችሁ፣ ደቃቁ ነካሽ የሚያስቸግርበት ቦታ ከሆናችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ውሀ ዳር የምትውሉ ከሆነ አሰሩት ይላሉ፣ ለአንድ ሰው እንደዛ ብለው ሰርተውለታል ሄጄ አይቼዋለሁ ያምራል። ግን እኛ ጋ መሬቱንም ሲያዩት ታይሉን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረጉና ከስሩ ያለው ኮንክሪት ስስ ነው፣ ይሄ ቤት ንፋስ ሲመጣ እንደ ሸራ ይነፋል፣ ለሱ መሰረት ተቆፍሮ መሞላት አለበት አሉ። ያኛው ድርጅት ዋጋው ላይ መሰረት የሚል ቃል አልነበረም። እናንተም ስታሰሩ መሰረቱንና ብሎኑን ጠይቁ፣ አሉሚኒየም ላይ ተራ ብረት ብሎን ከመቱላችሁ በእርጥበትና በክሎሪን ቶሎ ይበላል፣ ስቴንለስ ይሁን። ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነም ከመጀመራችሁ በፊት ጨርሱ።

የበረንዳው ስራ ሁለት ቀን ነው የፈጀው። ወንፊቱን ፍሬሙ ላይ ሲወጥሩት ቀጭን የጎማ ክር በትንሽዬ ጎማ ባለው መግፊያ ቦዩ ውስጥ እያስገቡ ነው፣ ልጄ ሁለቱንም ቀን አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የጎማውን ትርፍ ሲለቅም ዋለ፣ አሁንም ኪሱ ውስጥ አለ።

ጉድለታቸውንም ልናገር፣ ሁለቴ አርፍደዋል፣ አንዱን ታይል ቧጭረውብኛል (ዋጋውን ቀንሰውልኛል)፣ ሲናገሩ ደሞ ቁጣ ቁጣ ይላቸዋል፣ ባለቤቴን ብር ለመላክ ለምን ትቸኩላለህ ብለው ገስጸውታል፣ እሱን እንኳን እኔ ወድጄዋለሁ። ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ትልቁን ስራ መሸጥ እየቻሉ ትንሹን የሰሩልኝን አልረሳውም።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉ ጠዋት ይሁን፣ ከሰዓት በኋላ ስራ ላይ ስለሚሆኑ ስልክ አያነሱም፣ እና ከመደወላችሁ በፊት የባልዲውን ነገር ሞክሩት፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።